ገጣጣሚው የጠየቀው ጥያቄ

አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበረ። ስሙ ምን ያደርግልሃል፣ ይርሳው? አንተ የጠየቅኸኝ የታወቀ ፋብሪካ ስም ያለውን ኮምፒውተር ከነካርቶኑ ልግዛ ወይስ በልኬ ላስገጣጥም ብለህ ነው። እኔ አርባ ዓመት ታይፕ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ዕቃው እምብዛም አላውቅም፤ ስለሚገዛው ሰው ግን ትንሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ስማኝ፤ መሐል ላይ ደግሞ አታቋርጠኝ።

ሰውየው ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻና ይግባኝ ይጽፋል። እጁ ፈጣን ነው። ዳኛ ፊት ቆሞ መናገር የሚያቅተው ሰው እሱ ጋ መጥቶ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሲያፈስለት፣ እሱ በሁለት ገጽ መልክ አስይዞ ያወጣለታል። እንጀራው ይኸው ነው፤ ጥሩ እንጀራ ነው። እሱ ግን ያፍርበታል። ምኑ ያሳፍራል ብትለኝ አላውቅም፤ ሰው የገዛ ሥራውን ሲንቅ ምክንያት አይፈልግም።

አሮጌው ኮምፒውተሩ ተበላሸና አዲስ ሊገዛ ወጣ። መጀመሪያ የገባው ስም ያላቸው ዕቃዎች ከሚሸጡበት ሱቅ ነው። ሻጩ ጥቁር ይሁን ግራጫ ብሎ ቀለሙን ብቻ ጠየቀውና ካርቶኑን አወረደለት። ጸሐፊው ቅር አለው። «ለማንም የምትሰጠውን ነው እንዴ ለእኔም የምትሰጠኝ?» ብሎት ወጣ። ልብ በል፣ ዕቃው ምንም አልነበረበትም። ላፕቶፕ ነው፤ ባትሪ አለው፤ ይበቃው ነበር።

ከዚያ ገጣጣሚው ጋ ሄደ። ገጣጣሚው ዕቃ ከዕቃ መርጦ በሰው ልክ ኮምፒውተር የሚሠራ ጎልማሳ ነው። ልብስ ሰፊ ሜትሩን ይዞ እንደሚቀበልህ፣ እሱ ደግሞ ጥያቄውን ይዞ ነው የሚቀበልህ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለው።

ጸሐፊው ዙሪያውን ቃኘ። ሱቁ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ዘናጭ ሰው ተቀምጧል። በእሱ ፊት ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ ማለት ሞት መሰለው።

«ፊልም አቀናብራለሁ» አለ።

«መብራት ይጠፋብዎታል?»

«ኧረ የለም፤ ትልቅ ሕንፃ ላይ ነኝ፤ ጄኔሬተር አለን።»

ገጣጣሚው የነገሩትን አምኖ ሠራ። ለፊልም የሚሆን ውድ ካርድ ከተተበት፤ መብራት ሲሄድ የሚይዘውን ባትሪ ግን ተወው፤ ጄኔሬተር ላለው ሰው ምን ያደርግለታል? ጸሐፊው ያን የሚያህል ሳጥን በባጃጅ ጭኖ ወስዶ ዳሱ ሥር ጎለተው። ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ሲል ባለጉዳዮቹ ከበው አዩለት። ደስ አለው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ደስ አለው።

በአራተኛው ቀን አንዲት እናት መጡ። ወንድማቸው ከአባታቸው ቤት አስወጥቷቸዋል፤ ተሟግተው ተረትተዋል፤ ይግባኝ የሚሉበት ጊዜ የሚያልቀው ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጸሐፊው ከልቡ ጻፈላቸው፤ ሦስት ገጽ። ሁለት መስመር ሲቀረው መብራት ሄደ። ሳጥኑ ጭጭ አለ። ሴቭ አላደረገም ነበርና ሦስቱም ገጽ ጠፋ።

ሴትየዋ የሆነው አልገባቸውም። «ጨረስክልኝ፣ ልጄ?» አሉት።

ቀና ሲል ከሰልፉ ሦስተኛ ላይ የቆመው ማን ይመስልሃል? ገጣጣሚው ነው። የንግድ ፈቃድ ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ። ዳሱን አየ፤ ሳጥኑን አየ፤ ሰውየውን አየ። ጸሐፊው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ዛሬ ገና ነው ጄኔሬተሩ የተበላሸው ሊል ይችል ነበር። ዕቃህ ነው ጉድ የሠራኝ ብሎ ሊጮህበትም ይችል ነበር፤ ሰልፈኛው ሁሉ ያምነው ነበር። ግን ሴትየዋን ሲያያቸው አንጀቱ አልቻለም።

«እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ» አለው። «መብራት በቀን ሦስቴ ይጠፋብኛል። ዋሽቼህ ነው።»

ገጣጣሚው አልሳቀበትም። «ወረቀትና እስክሪብቶ አለዎት?» አለውና አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀመጠ። እሱ የውሳኔውን ግልባጭ ይዞ ቀንና ቁጥሩን ያነባል፤ ጸሐፊው በእጁ ይጽፋል። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ሴትየዋ ፈረሙበትና መዝገብ ቤት አስገቡ። በኋላም ይግባኙ ተሰማላቸውና ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ገጣጣሚው ሳጥኑን ከፈተው። የፊልሙን ካርድ አውጥቶ ለዚያ ለሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ሰጠለት፤ በለውጡ ግማሽ ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ አምጥቶ ከጎኑ አስቀመጠለት። ሳጥኑ ግን ያው ሳጥን ነው፤ ዛሬም እዚያው ዳስ ሥር እየሠራ ነው። ሰውየውም ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት ሳይንተባተብ ይናገራል።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ይርሳው። ስም ያለው ኮምፒውተር ማንነትህን ማንም ሳይጠይቅህ የተሠራ ነው፤ ለማንም ልክክ አይልም፣ ለማንም ደግሞ በጣም አይከፋም። የሚገጣጠመው ግን አንተ በተናገርከው ልክ ነው የሚመጣው። እውነቱን ከነገርከው እሱን የሚያህል የለም፤ ከዋሸኸው ውሸትህን አሳምሮ ሠርቶ ያስረክብሃል። ትናንት ለባለቤትህ ለትልቅ ጥናት ነው የምፈልገው ስትላት ሰምቼሃለሁ። አንተ የምታዘጋጀው የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ኳስ ታይበታለህ። ምን ነውር አለው? እኔም ታይፕ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ይህንን ገጣጣሚው ፊት ቆመህ ሳታፍር መናገር ከቻልክ ሂድና አስገጣጥም። ካልቻልክ ግን ካርቶኑን ግዛ፤ እዚያ የሚጠይቁህ ቀለሙን ብቻ ነው።