እምቢ የማይባልበት በር

አንድ ባለጸጋ ነጋዴ በተራራ ላይ ወደተቆረቆረች ከተማ መጥቶ የመልእክት ቤት ከፈተ። በየኬላው ፈጣን በቅሎዎችና ብርቱ መልእክተኞች አቆመ። ሰው ወደ ቤቱ መጥቶ ቃሉን ለበረኛው ከነገረ፣ ቃሉ ወንዝ ተሻግሮ፣ በረሃ አቋርጦ ዘመድ ጆሮ ይደርሳል። ያውም በነፃ። ሕዝቡ «ይህን ሰው ከየት ጣለልን!» አለ። ከጥንት ጀምሮ በእግራቸው መልእክት ያደርሱ የነበሩትም ሥራ ፈተው ዱላቸውን ሰቀሉ።

አንድ ነገር ብቻ ነበረ። በረኛው መልእክት ከመቀበሉ በፊት እንደ ዳዊት ደጋሚ ሳይተነፍስ የሚያነበንበው ረጅም ቃል አለ። ሲጨርስ «እሺ በል» ይላል። ሰውም እሺ ይላል። በዚያ አገር ሰው እሺ የሚለው ስለተስማማ ብቻ አይደለም፤ ለተቆጣ እሺ ይላል፣ ለችኩል እሺ ይላል፣ ቶሎ እንዲሄድለት ለሚፈልገውም እሺ ይላል።

ዘርትሁን የምትባል አንዲት እናትም ስንቴ እሺ ብላለች። ልጇ ደብሬ ዱላው ከማያርፍ ባል አምልጣ፣ ከወንዝ ማዶ ሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ተደብቃ ትኖራለች። የት እንዳለች ከእናቷ በቀር የሚያውቅ የለም። ዘርትሁን ናፍቆቱ ሲጠናባት ወደ መልእክት ቤት ትሄድና «ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ላለችው ደብሬ፤ አይዞሽ ልጄ፣ እዚያው ቆዪ» ብላ ትልክ ነበር።

አንድ ቀን ገበያ ላይ ጎረቤቷ እጇን ይዛ ወደ ዳር ወሰደቻት።

«አማችሽ ደብሬ ያለችበትን አውቋል። በቅሎው እያነከሰችበት ነው እንጂ ዛሬውኑ ይሄድ ነበር አሉ።»

«ማን ነገረው?»

«ከመልእክት ቤት ገዛሁት እያለ ጠጅ ቤት ይፎክራል።»

ዘርትሁን ነጠላዋን ሰብስባ ከገበያው ወጣች። ልጇን «ተነሺ፣ ሽሺ» ማለት አለባት። ግን በምን? ከዚያ ቤት ሌላ ቃል የሚያደርስ አልቀረም። ዝም ብትል ባልየው ይደርሳል፤ ብትናገር የምትሸሽበትንም ይገዛዋል። ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ እግሯ እዚያው በር አደረሳትና ሰልፍ ያዘች።

ተራዋ ሲደርስ በረኛው አነበነበና «እሺ በይ» አላት።

«ምን ብለህ ነው እሺ የምልህ?»

«እንደ ወትሮው ነው እናቴ።»

«ወትሮስ ምን ነበር?»

ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ተንጫጫ።

«እትዬ፣ እሺ በይና እለፊ፤ ፀሐዩ አናታችንን በላው እኮ!»

«ክርክር ካማረሽ ዳኛ ቤት ሂጂ!»

«እሺ ይበልጣል ከሺህ ሲባል አልሰማሽም?» አለ አንዱ ቀልደኛ።

ዘርትሁን ዞር ብላ «ሰምቻለሁ። ሺውን ማን እንደሚወስደው ልወቅ ብዬ ነው» አለችው። ከዚያ ወደ በረኛው ተመልሳ፣ «ልጄ፣ በሞቴ፣ ቀስ ብለህ በለው» አለች።

«እውነቱን ልንገርሽ? እኔም ሸምድጄው ነው እንጂ ልብ ብዬው አላውቅም» አለና ቃሉን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ። «በዚህ በር የተነገረ ቃል የቤቱ ንብረት ነው… ቤቱ ያስቀምጠዋል… ለከፈለ ሁሉ ይሸጠዋል…» እየቆየ ድምፁ ቀነሰ። ሰልፉም ጸጥ አለ። አንድ ገበሬ ራሱን ያዘ። የበሬውን መታመም ለወንድሙ በላከ ማግስት ነበር ነጋዴዎች መጥተው በሬውን በግማሽ ዋጋ የጠየቁት።

የመልእክት ቤቱ ባለቤት ጫጫታው ሲቆም ጊዜ ግራ ገብቶት ወጣ።

«ምን ጎደለባችሁ? በነፃ ነው የማደርስላችሁ። ደግሞ ሳልጠይቅ የወሰድኩት የለም፤ እሺ ብላችኋል።»

«እምቢ ብል ኖሮ ታደርስልኝ ነበር?» አለች ዘርትሁን።

«እምቢ ካልሽማ መንገዱ ያውልሽ!»

«እንግዲያው እሺ አላልኩህም ጌታው። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ነው አፌን የከፈትኩት።»

ከሰልፉ መሐል አያ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ወጡ። ነፃው ቤት ከመከፈቱ በፊት መልእክተኛ የነበሩ ናቸው። «ቃልሽን ለእኔ ንገሪኝ። አቋራጩን እግሬ አልረሳውም» አሏት። ዘርትሁን በጆሯቸው ሹክ አለቻቸው። ያን ጊዜውኑ ሄዱ።

በማግስቱ የአማቿ በቅሎ ዳነች። ሲያልፍ ደጇ ላይ ቆም ብሎ «እናቴ፣ ልጅሽን ላመጣልሽ ነው!» አላት እየሳቀ። «እሺ» አለችው። ይህ እሺ ምን እንደሆነ የዚያ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃታት። ውዳሴ ማርያም ትጀምርና መሐል ላይ ይጠፋታል፤ ወደ ከተማው መውጫ ትሄዳለች፣ ማንም ሳይመጣ ትመለሳለች። በዚህ መሐል የከተማው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ደንብ አወጡ፦ የበሩ ቃል በገበያ ቋንቋ፣ ቀስ ተብሎ ይነገር፤ እምቢ ያለ ሰውም ቃሉ ሳይሸጥ ይድረስለት፤ ለዚህም የበቅሎዎቹን ገብስ ከተማው ይቻል። ሕዝቡ እልል አለ። የተሸጠውን ቃል ግን የሚመልስ ደንብ አላገኙም። ዘርትሁን እልልታውን ሰምታ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም።

አያ ፈንቴ እግራቸው አብጦ ተመለሱ።

«ቀድሜ ደረስኩ። ልጅሽ በሰላም ወጥታለች። አሁን ያለችው…»

ዘርትሁን እጇን አፋቸው ላይ አደረገች። «አይንገሩኝ።»

«እናት አይደለሽም እንዴ? እንዴት ማወቅ ይቅርብኝ ትያለሽ?»

«እናት ስለሆንኩ ነው። ናፍቆት ሲያንገበግበኝ ራሴን አላምነውም። ሰላም መሆኗን ነግረውኛል፤ የቀረውን እግዜር ይወቀው።» ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ቆላው አየች፤ የትኛውን አቅጣጫ ማየት እንዳለባት ግን አታውቅም።

ወገኖቼ፣ እሺ ዋጋ የሚኖረው እምቢ ማለት የሚቻልበት ቦታ ነው። ዛሬ እኛም ስልካችን ላይ ያልገባንን ረጅም ጽሑፍ በጣታችን ገፋ አድርገን «እስማማለሁ» የሚለውን እንነካለን። ስለቸኮልን ነው፤ ሌላ መንገድም ስለሌለን ነው። የልጃችን ፎቶ፣ የዘመዳችን ሕመም፣ የምንኖርበት ሰፈር በዚያ ያልፋል። ኢንተርኔት ይድረሰን ብለን መጠየቃችን ደግ ነው። በሚያልፈው ቃላችን ላይ ማን እንደሚያዝበት በሚገባን ቋንቋ ይነገረን፣ ሕግም ይጠብቀን ማለት ግን የተማረ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ያለው ሁሉ ሥራ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ዛሬ ጠዋት እሺ ያላችሁት ለምን ነገር እንደሆነ ታውቃላችሁ?