ከትራስ ሥር የወጣው ቢላዋ

«የኔታ፣ ልጇን የማትወድ እናት ትኖራለች?» አለ ይበልጣል።

ሚስቱ በቅርቡ ነው የወለደችው፤ ክርስትናው እንኳ ገና አልተነሣም። ሕፃኑን ታቅፋ እየወጣች ጎረቤት ደጃፍ ላይ አስቀምጣው ትመለሳለች። ሰው መልሶ ሲያመጣላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አገሩ «ጨካኝ» ብሏታል፤ እሱም ቀስ በቀስ ማመን ጀምሯል። የኔታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና፣ ተቀመጥ ሳይሉት ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ደህና ገበሬ። የበሬውን ሕመም ከአረማመዱ ያውቃል፤ የሰው ሲሆን ግን ካልነገሩት አያውቅም። ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደችለት። እልል ተባለ፤ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገንፎውን በልቶ ሄደ። የሰውየው እናትም እንደ አገሩ ወግ፣ አራሷን ክፉ እንዳይነካት ብለው ቢላዋ ከምራታቸው ትራስ ሥር አኖሩ። ብረት ባለበት ክፉ አይገባም እንላለን። አስቀድሞ የገባውን ምን እንደምናደርገው ግን የነገረን የለም።

ብዙም ሳይቆይ ሴቲቱን እንቅልፍ እምቢ አላት። ሕፃኑ ሲተኛ እንኳ እሷ አትተኛም። ለብቻዋ ታወራለች፤ ወሬዋ ከአፏ ሲወጣ ከተቀደደ ስልቻ እንደሚፈስ እህል ነው። ትስቃለች፤ ወዲያው ደግሞ «ይህ ልጅ የኔ አይደለም፣ ለውጠውብኛል» ብላ ታለቅሳለች። ምግብ ሲያቀርቡላት «ምን ጨመራችሁበት?» ብላ ትገፋዋለች። ሰውየው ፈራ። እናቱ ግን «የአራስ ነገር ነው፤ ክርስትናው ሲነሣ ይለቃታል» አሉት። ደስ አለው። ለሰነፍ ልብ «ጠብቅ» ከሚለው የሚጣፍጥ ምክር የለም።

አንድ ጠዋት ቢላዋው አጥር ሥር ተጥሎ ተገኘ። እናቱ አንሥተው፣ ጠርገው፣ ወደ ትራሷ መለሱት። በማግሥቱ ደግሞ አመድ መድፊያው ላይ አገኙት። መለሱት። እሷ ማውጣቷን አልተወችም፤ እነሱም መመለሳቸውን አልተዉም። «አያችሁ?» አሉ አሮጊቷ፤ «ብረት የሚፈራ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የያዛት እሱ ነው።» መንደሩ ጉድ አለ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ስለ እሷ ያወራል እንጂ ከእሷ ጋር የሚያወራ አልነበረም።

አንድ ቀን ሰውየው ከእርሻ ሲመለስ ሚስቱን ጓሮ አገኛት። በእጇ አፈር ትቆፍራለች፤ ቢላዋውን ልትቀብረው ነው። ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ጣቶቿን ሲያይ ጥፍሮቿ ደምተዋል። ቁጣው ጠፋበትና፣ ያን ሁሉ ጊዜ ማንም ያልጠየቃትን ጠየቃት።

«ለምንድን ነው የምታወጪው?»

«ድምፅ ይመጣብኛል» አለች። «ልጁን በዚህ ግደዪ ይለኛል። እኔ አርቀዋለሁ፣ እናንተ ትመልሱልኛላችሁ።»

አጠገቧ አፈሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። በዚያ ቤት ልጁን ነቅቶ የሚጠብቅ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እሱም እብድ የተባለችው ናት።

ቢላዋውን ተቀብሎ ከእሷ አራቀ። ሕፃኑን ለአያቱ አስታቀፈ። ሚስቱን በበቅሎ አስቀምጦ፣ እህቱን ከጎኗ አስከትሎ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወረደ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ላኳቸው። ሐኪሟ ሁሉን ሰምታ አልደነገጠችም፣ አልተቆጣችም። «ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ነው» አለችው። «እሷ አላመጣችውም፤ መጣባት እንጂ። መድኃኒት አለው፤ ግን ነገ የሚባል ሕመም አይደለም።» አስተኟት፤ መድኃኒት ሰጧት፤ ለአፍታም ብቻዋን አልተዉአትም። መጀመሪያ እንቅልፏ መጣ። ድምፁ ቶሎ አልተዋትም፤ እየራቀ እየራቀ ሄደ እንጂ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ቀና ብላ «ልጄን ማን እያጠባው ነው?» አለች። ሰውየው እንባውን እየጠረገ ሐኪሟን ሊጠራ ሮጠ። ሐኪሟም «ሌላ ልጅ ስታስቡ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ሊመለስ ይችላል» ብላ ሸኘቻቸው። ቤት ሲገቡ አሮጊቷ በዚያ ቢላዋ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ቦታው ያ ነበር።

የኔታ ወደ ይበልጣል ዞሩ።

«ያቺ ቢላዋውን አወጣች፤ ያንተዋ ልጁን ታወጣለች። ልጇን የምትጠላ እናት ገደል ታጣለች? እሷ ግን ሰው በሚያየው፣ ሰው በሚያነሣው ቦታ ታስቀምጠዋለች። ከራሷ እያሸሸችው ነው፤ እናንተ ደግሞ መልሳችሁ ታስታቅፏታላችሁ። ለመሆኑ ጠይቀሃታል?»

«አልጠየቅኋትም፣ የኔታ።»

«እኔን ልትጠይቅ ዳገት ወጣህ፤ አጠገብህ የተኛችውን አልጠየቅህም። በል ተነሥ። ልጁን ለሚጠብቅ ሰው ስጥ፤ እሷን ብቻዋን ሳትተው ዛሬውኑ ሐኪም ቤት አድርሳት። ጸሎቱን እኔ እይዛለሁ፤ ጠበሉም የትም አይሄድብህም፤ ስትመለሱ ትጠመቃለች።»

ይበልጣል መስቀል ሊሳለም ጎንበስ አለ። የኔታ በመቋሚያቸው ትከሻውን ገፋ አደረጉት።

«ሂድ አልኩህ፤ ምርቃቱ መንገድ ላይ ይደርስብሃል።»