ከካቡ ውጭ ያለው ጉብታ

«ተረት ተረት!»

«የማታ መብራት!»

ቀረብ በሉ እስቲ። አንተ ጫፍ ላይ ያለኸው፣ በሩን ግፋው፤ ዝናቡ እየገባ ነው። የዛሬው ተረት አያስቅም። መሳቅ የሚፈልግ ነገ ይምጣ።

በድሮ ዘመን፣ ወንዛችን ከዛሬው በሰፋበት ዘመን፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የኔታ ላእከ ይባላሉ። በሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ልጆች ያስተምራሉ። የራሳቸው ልጅ አልወለዱም፤ ግን ግቢያቸው የልጅ ድምፅ ጎድሎት አያውቅም። እሷ ጥጥ ትፈትላለች፣ እሳቸው ያነባሉ። እንዲህ ሆነው ሠላሳ ዓመት ኖሩ።

ሲመሽ ሲመሽ አንድ ሰው እየመጡ በራቸውን በመቋሚያ ያንኳኳሉ። የደብሩ አለቃ ናቸው፤ አለቃ ቢረሳው። ቀን በአደባባይ ሲታዩ እንደ ዋርካ የከበዱ ሰው ናቸው። ማታ ግን በየኔታ መደብ ላይ እንደ ተማሪ ቁጭ ይላሉና መጽሐፍ ይገልጣሉ። ትርንጎም ከመጋረጃው ጀርባ እንዝርቷን እያሾረች ትሰማለች።

አለቃ ይላሉ፦ «ላእከ ወንድሜ፣ አብ አምላክ ነው። ወልድም አምላክ ነው። መንፈስ ቅዱስም አምላክ ነው። አምላክ ግን አንድ ነው። ይሁን። እንግዲያ አብ ወልድ ነው ልበል?»

የኔታም ይላሉ፦ «አትበል። አብ ወልድ አይደለም።»

«ሁለቱም ያው አንዱ አምላክ ሆነው፣ እንዴት አንዱ ሌላውን አይሆንም?»

«እሱን እኮ ነው እኔም ሠላሳ ዓመት የምጠይቀው።»

ከዚያም ሁለቱም ወደ መጽሐፉ ይመለሳሉ። እንዝርቱ ብቻ ይጮኻል።

አንድ ማታ ትርንጎ መታገሥ አቃታት። ከመጋረጃው ጀርባ ሆና እንዲህ አለች፦ «እኔ ሦስት ክር ገምጄ አንድ ገመድ አደርጋለሁ። እንዲሁ አይደለም እንዴ?»

አለቃ ሳቁ፦ «ይኸው! ስንት መጽሐፍ ስናገላብጥ ሴቲቱ በእንዝርት ቀደመችን!»

የኔታም ሳቁ። ከዚያም ራሳቸውን ነቀነቁና፦ «ገመዱን ብትፈቺው ሦስት ክር ነው፣ ትርንጎ። ደግሞ አንዱ ክር ብቻውን ገመድ አይባልም። አብ ግን የአምላክ ሲሶ አይደለም፤ ሙሉ አምላክ ነው። ወልድም ሙሉ ነው። መንፈስ ቅዱስም ሙሉ ነው።» አሉ።

አለቃ ሊሄዱ ተነሡ። በሩ ላይ ደርሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፦ «እኔም አልገባኝም፣ ላእከ። አርባ ዓመት ቀድሼ አልገባኝም። ለማንም እንዳትናገር።» አሉ።

«በእኔ ቤት የተነገረ ከእኔ ቤት አይወጣም። ሰምተሻል፣ አንቺ?» አሉ የኔታ።

«ምን እሰማለሁ? እንዝርት ነው የምሰማው።» አለች ትርንጎ።

ክረምቱ ገባና የሥላሴ በዓል ደረሰ። ሐምሌ ሰባት ነው። ሕዝቡ በዳስ ውስጥ ተቀምጦ ይበላል፣ ይጠጣል። ወንዙ ሞልቶበት ያደረ አንድ የጨው ነጋዴም በዳሱ ውስጥ ነበረ። ጠላው ሞቅ ሲያደርገው ተነሣና ሦስት አሞሌ ጨው መሬት ላይ ደረደረ።

«አባቶቼ፣ አትቆጡኝ። ይህ አንድ ነው። ይህም አንድ ነው። ይህም አንድ ነው። ስቆጥራቸው ሦስት ይሆናሉ። ሦስቱ አንድ አሞሌ ናቸው ብል በቅሎዬም ትስቅብኛለች። እናንተ ግን ሦስትም አንድም ትላላችሁ። እንዴት ነው ነገሩ?»

ሰው ሁሉ ወደ የኔታ ዞረ። የኔታም ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ አሞሌህ የሚያውቀው የአሞሌን ነገር ነው። መጽሐፉ በአካል ሦስት፣ በባሕርይ አንድ ይላል። ይህን እነግርሃለሁ። እሰግድለታለሁም። እንዴት እንደሆነ ብትለኝ ግን፣ አልገባኝም።»

ዳሱ ተናወጠ። የደብሩ ሁለት ቄሶች፣ ቄስ ማንደፍሮና ቄስ ውበቴ፣ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«አልገባኝም ብሎ ልጆቻችንን ምን ሊያስተምር ነው!»

ነጋዴው አሞሌውን ሰብስቦ ውልቅ አለ። ወንዙ ይጉደል አይጉደል አልጠየቀም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ልጅ የሚልክ ጠፋ። ግቢው ጭር አለ። ቄሶቹም ላኩባቸው፦ «በሕዝብ ፊት ቆመው አንድ ጊዜ ‹ገብቶኛል› ይበሉ። ነገሩ ያልቃል።» ትርንጎ የባሏን ጉልበት ይዛ ለመነች።

«አንቱ የኔታ፣ አንዲት ቃል ናት። ይበሏትና እንረፍ።»

«ትርንጎዬ፣ ልጅ ፊደል ሳይለይ ለየሁ ሲለኝ እገርፈው ነበር። እኔን ማን ይገርፈኛል?»

አለቃስ? አለቃ ያን ሰሞን አልመጡም። ማታ ማታ ትርንጎ ጆሮዋን ወደ በሩ ትጥላለች። መቋሚያው አላንኳኳም።

መስከረም ሲጠባ የኔታን ንዳድ ያዛቸው። በዘጠነኛው ቀን ሞቱ። ትርንጎ የመግነዙን ገመድ በገዛ እጇ ገመደችው፤ በሦስት ክር። ሬሳውን በቃሬዛ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቄሶቹ ቆመው ጠበቋቸው።

«ፍትሐት የለውም። ያላመነ ከቤተ ክርስቲያኑ ካብ አይገባም። ራሱን የሰቀለ በሚቀበርበት፣ እዚያ ውጭ ቅበሩት።» አሉ።

ቃሬዛው መሬት ወረደ። ትርንጎ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከሬሳው ራስጌ ቆመች። ባሏ ያለ ጸሎት፣ ከሰው ተለይተው፣ ጅብ በሚመላለስበት ሜዳ ሊተኙ ነው። ሌላ ነገር አይታያትም።

«አልገባኝም ማለት አላምንም ማለት ነው ወይ?» አለች።

«ያልገባውን ማን ያምናል?»

«እናንተ ገብቷችኋል?»

«በሚገባ!»

«እንግዲያ እኔን አስረዱኝ። ከገባኝ ያላችሁት ቦታ እቀብራቸዋለሁ።»

ቄስ ማንደፍሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦ «ቀላል ነው፣ ልጄ። ፀሐይን ተመልከቺ። ክበብ አላት፣ ብርሃን አላት፣ ሙቀት አላት። ፀሐይ ግን አንዲት ናት።»

ትርንጎ አሰበች። ከመጋረጃው ጀርባ የሰማችው ሁሉ መጣላት።

«አባቴ፣ ሙቀቱ ብቻውን ሙሉ ፀሐይ ነው ወይ? መንፈስ ቅዱስ ግን ሙሉ አምላክ ነው ትላላችሁ።»

ቄስ ውበቴ ጣልቃ ገቡ፦ «እሱስ እውነቷን ነው፤ የፀሐዩ ይጎድላል። አንቺ፣ አዳምን፣ ሔዋንን፣ ልጃቸውን አስቢ። እያንዳንዳቸው ሙሉ ሰው ናቸው። አካላቸው ሦስት፣ ሰውነታቸው አንድ።»

«እነሱማ ሦስት ሰዎች ናቸው፣ አባቴ። ሦስት አማልክት ልበል?»

«ተው ውበቴ! ሦስት አማልክት አደረግህ!» አሉ ቄስ ማንደፍሮ።

«አንተስ? አንዱን ከፋፍለህ ሲሶ ሲሶ አደረግኸው!»

«እኔን ነው?»

«አንተን ነው እንጂ ማንን!»

ሬሳው በመካከላቸው ተጋድሞ ሁለቱ ቄሶች ተያያዙ። ከኋላ አንዱ ሳቀና አፉን ቶሎ ሸፈነ። ትርንጎ አልሳቀችም።

«የአንዳችሁ ወደ አንድ ያጋድላል፣ የአንዳችሁ ወደ ሦስት ያጋድላል። የእኔ ባል መካከሉ ላይ ቆመው አልገባኝም አሉ። ጥፋታቸው የቱ ላይ ነው?»

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ አለቃ ዞረ። አለቃ ቢረሳው በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አገጫቸው መቋሚያው ላይ ነው። ትርንጎም አየቻቸው። ያን ማታ በቤቷ በር ላይ ቆመው ያሉትን እሷ ታውቃለች። ነገሩ ምላሷ ላይ ነው። ብትናገረው ባሏ ከካቡ ይገቡ ይሆናል፤ አለቃ ደግሞ ከደብሩ ይወጣሉ። ‹ከእኔ ቤት አይወጣም› ያሉት ሰው ግን እግሯ ሥር ተገንዘው ተኝተዋል። ቃላቸውን በሬሳቸው ላይ ልታፈርስ አልሆነላትም።

ስለዚህ ጠየቀች እንጂ አልተናገረችም።

«አባቴ አለቃ፣ ለእርስዎስ ገብቶዎታል?»

አለቃ ሬሳውን አዩ። ሕዝቡን አዩ። አፋቸውን የሚጠብቁትን ሁለቱን ቄሶች አዩ። ካፊያ ጀመረ። ትርንጎ ዓይኗን አልነቀለችም፤ ትጠብቃለች።

«ገብቶኛል።» አሉ አለቃ።

ድምፃቸው ትንሽ ነበር። ግን ሁሉም ሰማው።

አይ ልጆቼ። የኔታ ላእከን ከካቡ ውጭ ቀበሯቸው። አልቃሽ አልወጣም። ደወል አልተደወለም። ሁለት የድሮ ተማሪዎቻቸው ቆፈሩና ትርንጎ ድንጋዩን ከመረች።

ከዚያም ዓመት ዓመትን ተካ። ትርንጎ በየማለዳው መጥታ መቃብሩ ላይ የበቀለውን አረም ትነቅላለች። አለቃም እሷን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። ቅዳሴ ላይ የሥላሴ ስም ሲደርስ መጽሐፉን ለሌላ ቄስ ያቀብላሉ ይባላል። ሕዝቡ እርጅና ነው አለ።

በሰባተኛው ዓመት አለቃ አልጋ ያዙና ትርንጎን አስጠሩ። ሄደች። እኒያን ዋርካ የሚያህሉ ሰው ጭራሮ አክለው አገኘቻቸው።

«ትርንጎ ልጄ፣ ያን ቀን ዋሸሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ብናገር ደብሩ ይፈርሳል ብዬ ነበር። እሱስ ሰበብ ነው፤ ፈራሁ። አንቺ ግን አልተናገርሽብኝም።»

«ቃሉ የእኔ አልነበረም።»

«ይቅር በይኝ።»

ትርንጎ በሰባት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ስንት ቀን ጠብቃው ነበር። አሁን ሲመጣ እጇ ላይ የሚቀር ነገር አጣችበት።

«የተበደልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። የእኔን ይቅር ብያለሁ። የእሳቸውን ግን ራስዎ ሄደው ይንገሯቸው።»

አለቃም ቄሶቹን ሰበሰቡና ገዘቱ፦ «በካቡ ውስጥ ብትቀብሩኝ ገዝቻለሁ። ፍትሐት ብታደርሱልኝም ገዝቻለሁ። ላእከ ያላገኘውን እኔ አላገኝም። ከጎኑ አድርጉኝ፤ የምነግረው አለኝ።» ቄሶቹ አለቀሱ፣ ለመኑ። ግዝት ግን ግዝት ነው። ለአገር ሁሉ ሲፈቱ የኖሩት አለቃ ሳይፈቱ ተቀበሩ።

ትርንጎም ሁለት ክረምት ኖራ ሞተች። የእሷ ቦታ ከካቡ ውስጥ፣ ከእናቷ አጠገብ ተጠብቆላት ነበር። እሷ ግን፦ «ወደዚያ ውሰዱኝ። መጋረጃ አያስፈልገኝም፤ አሁን በደንብ ልስማቸው።» ብላ ነበርና እዚያው ወሰዷት። ሲቀብሯት ቄስ ውበቴ ከካቡ ውስጥ ቆመው፣ መጽሐፋቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ፍትሐት ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ ደፍሮ የጠየቃቸው የለም። ድምፁ ካቡን ይሻገር አይሻገር አልታወቀም።

ካቡ ዛሬም አለ። ከካቡ ውጭ የነበሩት ሦስት ጉብታዎች ግን ክረምት በክረምት ላይ ሲደራረብ አፈራቸው ወረደና ድንጋያቸው ተንከባለለ። ሣር አንድ ላይ አለበሳቸው። አንዱ የት እንዳለቀ፣ ሌላው የት እንደጀመረ የሚለይ የለም። መንገደኛ ሲያልፍ፦ «ይህ ጉብታ የማን ነው?» ይላል። «የሦስት ሰው ነው» ይሉታል። «አንድ አይደለም እንዴ? እንዴት ነው?» ይላል።

እኔም ተጠይቄ አውቃለሁ። ጉብታውን የሥላሴ ምሳሌ ላድርገው ብልና የኔታ ላእከ ቢሰሙኝ፦ «አፈሩን ብትዝቂው ሦስት አፅም ታገኛለሽ፤ ይህም አልሆነም» ይሉኝ ነበር። እሳቸው ግን አሁን አይመልሱም። ስለዚህ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ጎንበስ ብዬ አልፋለሁ።

እንግዲህ እኔ ያለኝን ሰጠሁ። እሳቱም ከስሟል፣ ጉሮሮዬም ደርቋል።

ተረቴን ተቀበሉ፤ አፌን በቆሎ ሙሉ።