ሠላሳ ያልቆጠረው ተኳሽ

አንድ ሰው ነበር፤ ብቻውን የሚኖር። ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሰሃን። ወገኖቼ፣ ሁለተኛ ወንበር የሌለው ቤት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰው አይመጣም ማለት ነው። እንዲመጣም አይፈለግም ማለት ነው።

በበዓል ቀን የጎረቤት ሳቅ በግድግዳው ዘልቆ ሲመጣበት ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። ዕድር ግባ ሲሉት "እስቲ ወደፊት" ይላል። አንድ ጊዜ ወባ ጥሎት ሦስት ቀን ሲማቅቅ በሩን ያንኳኳ አልነበረም። ማን ያንኳኳል? ማን ያውቀዋል?

ይህ ሰው ሃምሳ አለቃ ዘርጋው ይባላል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፖሊስ ሳለ ጨዋታ አዋቂ ነበር። ከባልደረባው ከዱባለ ጋር ደግሞ አይለያዩም፤ የዱባለን ልጅ ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። "አበልጅ" ነበር የሚባባሉት።

ዘርጋው በኢላማ ተኩስ የሚስተካከለው አልነበረም። ጥንቁቅም ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጥንቁቅ ነበር! ለአዲስ ምልምሎች የተኩስ ሜዳን ደንብ የሚያስተምረው እሱ ነው። "ምላጭ ስባችሁ ጥይቱ ካልወጣ፣ ከሽፏል ብላችሁ እንዳትዞሩ። አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንዳለ ሠላሳ ቁጠሩ። ጥይት ዘግይቶ ሊባርቅ ይችላል።" ይህን ስንት መቶ ጊዜ ብሎታል!

አንድ ጠዋት እሱና ባልደረቦቹ ለልምምድ ወጡ። ዱባለ ከጎኑ ቆሟል። ዘርጋው አነጣጠረ፣ ምላጩን ሳበ። ቀጭ አለ። ከዚያ ዝም።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። "ዘርጋውም ይከሽፍበታል እንዴ!"

ስንት የቆጠረ ይመስላችኋል? አንድ እንኳ አልቆጠረም። "ጥፋቱ የጥይቱ ነው" ሊል ዞረ። ሰውነቱ ሲዞር ጠመንጃውም አብሮት ዞረ።

ያን ጊዜ ጥይቱ ባረቀ።

ዱባለ ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ዘርጋው ቅጣቱን ተቀበለ፣ ጨረሰም። ዱባለ ተኝቶ ሳለ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ነበር። በር ላይ ሲደርስ የዱባለን ሚስት ለቅሶ ሰማና ተመለሰ። ነገ እገባለሁ አለ። ነገም አልገባም። ሥራውን ለቀቀና የሚያውቀው ሰው ወደሌለበት ቆላ ከተማ ወረደ። ዘጠኝ ዓመት!

በዘጠነኛው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ቢከፍት ዱባለ ነው፤ አድራሻውን አፈላልጎ፣ በክራንች ተደግፎ።

ዘርጋው ያለችውን ወንበር አቀረበለት፤ እሱ ቆሞ ቀረ። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ "አበልጅ፣ ልትወቅሰኝ ከሆነ የመጣኸው፣ ውቀሰኝ" አለ።

"እግሬንስ ለመድኩት" አለው ዱባለ። "መቅረትህን ግን አልለመድኩትም።"

ዘርጋው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ዱባለ እስኪወጣለት ጠበቀው።

"አሁን የመጣሁት ላስቸግርህ ነው" አለ በኋላ። "ምልምሎቹን እንድመክር ይጠሩኛል። እግሬን አይተው ያዝናሉ። ግን በልባቸው 'የመታው ሰው ዝርክርክ ነበር፤ እኔ እንደሱ አይደለሁም' ይላሉ። ጥንቁቅ እንደነበርክ ማን ይንገራቸው? አንተው ንገራቸው።"

ዘርጋው አብሮት ሄደ። አርባ ምልምሎች ፊት ቆመ። "ደንቡን አውቅ ነበር። አስተምርም ነበር። አንድ ሰው ሲስቅብኝ ረሳሁት" አለ።

አንዲት ምልምል እጇን አነሣች። "ጋሼ፣ ስንት ቢቆጥሩ ኖሮ ነበር አደጋው የማይደርሰው?"

"አራት" አላት። "አራት ይበቃኝ ነበር፣ ልጄ።"

ከዚያ ዱባለ ቤቱ ወሰደው። የክርስትና ልጁ አድጎ ጎረምሳ ሆኗል። ብድግ ብሎ እንደማያውቁት እንግዳ "ጤና ይስጥልኝ" አለው። ዘርጋው ያን ዕለት የዘጠኝ ዓመቱን ልክ አወቀ።

ወገኖቼ፣ ደንብ ለማን የወጣ ይመስላችኋል? ለማያውቅ ብቻ ነው? አይደለም፤ ከጎናችሁ ለቆመው ሰው ነው። መሣሪያ የምትይዙ፣ መኪና የምትነዱ፣ ለታመመ መድኃኒት የምትሰጡ፣ ሰው ሲስቅባችሁ የምትረሱት የትኛውን ደንብ ነው? እባካችሁ፣ መሳቂያ ሁኑና ቁጠሩ!

ሰው በድላችሁ የተደበቃችሁም እዚህ መካከላችን አላችሁ። ዘርጋው ከቅጣት አልሸሸም፤ ቅጣቱንማ ጨርሶታል። የሸሸው ከሚናፍቀው ሰው ነው። ዱባለ በአንድ እግሩ መጣለት። የእናንተ ሰው ግን ቢደክመውስ? መንገዱን ባያውቀውስ? ሞት ቢቀድመውስ? ልታንኳኩት የሚገባው የማን ደጅ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ።