የደብሪቱ ማጥለያ

በግራር አምባና በዙሪያው፣ ትንሹን ነገር ሲመረምር ውሎ ትልቁን ነገር ዓይኑን ጨፍኖ የሚቀበል ሰው ሲገኝ የምትወረወርበት አንዲት አባባል አለች። አባባሏን ሁሉም ያውቃታል፤ ከማን ቤት እንደወጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የወጣችው ከጠላ ቤት ነው። ባለቤቲቱም ዛሬም በሕይወት አለች፤ አባባሏ ሲነሳ ፊቷን ታዞራለች እንጂ በእኔ አልተባለችም ብላ አትክድም።

ደብሪቱ ትባላለች። ጠላዋን ሦስት ጊዜ ታጠልላለች። መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በወፍራም ጨርቅ፣ መጨረሻ ደግሞ ጋሽ እንግዳው የሚባሉት ሽማግሌ ሸማኔ ለእሷ ብለው ጠበቅ አድርገው በሸመኑት ነጭ ማጥለያ። ጣሳው ላይ አንዲት የጌሾ ቅንጣት የተገኘች እንደሆነ ትደፋዋለች እንጂ ለሰው አትሰጥም። ጌሾ ሳታኝክ አትገዛም፤ ብቅል በጥርሷ ሳትሰብር አትወስድም። የውሃ ቀጂዋን እንስራ እንኳ አሽትታ ነው የምታስገባው። «ደብሪቱ የገዛ ጥላዋን ሳታሸት አታስከትልም» እያሉ ያሾፉባታል። የእሷ መልስ አንድ ነው፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

መጠርጠሯም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከዓመታት በፊት ባሏ አሰጌ ሳል ጠንቶበት ሲማቅቅ፣ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው በገበያ ቀን ቦርሳ ይዞ ብቅ አለ። አንገቱ ላይ የሐኪም ማዳመጫ አንጠልጥሏል። ስሙን ነገራቸው፤ የአሰጌን ደረት አዳመጠ፤ ቀይና ቢጫ ክኒን ቆጥሮ ሰጠ። ደብሪቱም ጋዋኑን አይታ አመነች። አሰጌ ክኒኑን ጨርሶ በሳምንቱ ተቀበረ። ሰውየው ሐኪም አልነበረም፤ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ ደብሪቱ ነጭ ጋዋን ባየች ቁጥር የመቃብር አፈር ይሸታታል።

የቀረቻት ዘመድ አንዲት ናት፤ የሟች ልጇ ልጅ፣ ውብአንቺ። አራት ዓመቷ ነው። ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው፤ ጠጪው ሁሉ «ከዚህ ዓይን ለእኛም አካፍይን» እያለ ያጫውታታል። ደብሪቱ ግን፣ «ዓይኗን አታድንቁብኝ! ጠላችሁን ጠጡ!» ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ስንዱ መጣች። ስንዱ የጤና ሠራተኛ ናት፤ እዚያው ግራር አምባ ተወልዳ፣ ተምራ የተመለሰች።

«እንደምን ዋላችሁ። ሐሙስ ከትምህርት ቤቱ ግቢ የኩፍኝ ክትባት አለ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉ ይምጣ። በነፃ ነው።»

«በነፃ?» አለች ደብሪቱ፣ ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ። «ስንዱዬ፣ አፍንጫሽን እየጠረግሁልሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። እስቲ ንገሪኝ፤ በዚህ አገር ጨው እንኳ በነፃ የሰጠን ማነው?»

«ኩፍኝ ከወንዝ ማዶ ገብቷል እትዬ። ለዚያ ነው።»

«የክትባቱን ሣጥንስ ለምን ትቆልፉታላችሁ? በረዶስ ለምን ትከቡበታላችሁ? ሥጋ ነው እንዴ?»

«ሙቀት ካገኘው ይበላሻል። እንደ ጠላዎ ነው።»

ጠጪው ሳቀ። ደብሪቱ አልሳቀችም። ስንዱ ስትወጣ ጠብቃ ወደ ተቀመጡት ዞረች።

«እኔ የምለው፣ ዘር የሚያደርቅ ነገር ቢሆንስ? ማን ከፍቶ አየው?»

ጋሪ ነጂው ተድላ ጣሳውን ከከንፈሩ አወረደ። «እውነትም፣ ማን ከፍቶ አየው?» አለ።

ጥግ ላይ የተቀመጡት ጋሽ እንግዳው ቀና ብለው አዩአት። «ደብሪቱ፣ ይህን አሁን የወረወርሽውን ነገር ማን ያነሳዋል?»

«ጥያቄ ነው የጠየቅሁት ጋሽ እንግዳው! ጥያቄ ሰው ይገድላል?»

ሽማግሌው ጠላቸውን ጠጡ።

ማክሰኞ ገበያ ዋለ። ደብሪቱ ከቆላ ጌሾ ይዛ ከምትመጣው ከዝማም ፊት ቁጢጥ ብላ፣ ቅጠል ቀንጥሳ ታኝካለች።

«ይህ እስር ከርሟል። ምሬቱ የለም» ብላ እንትፍ አለች። «ያኛውን አምጪ።»

ዝማም እስሩን እያቀበለች ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ ደብሪቱ፣ ሰምተዋል? ያ ሐሙስ የሚወጉት መርፌ ዘር ያደርቃል አሉ። የተወጋች ሴት ልጅ አትወልድም።»

የደብሪቱ መንጋጋ ቀጥ አለ። «ማን አለ?»

«አንዲት ትልቅ ሴት ናት አሉ። እንዲሁ የማታምን፣ ሁሉን መርምራ የምትናገር። ሣጥኑን ከፍታ አይታዋለች አሉ።»

«አላልኩም?» ደረቷን መታች። «አላልኩም! ብቻዬን የጠረጠርኩ መስሎኝ ነበር። ይኸው፣ ሌላም ሰው አይቶታል!»

ሴትዮዋ ማን ናት፣ የት ናት፣ መቼ አየች ብላ አልጠየቀችም። ሁለተኛውን የጌሾ እስር ግን ቅጠል በቅጠል ገላለጠችው፤ ሁለት የግራዋ ቅጠል ተቀላቅሎበት አገኘች፤ ዝማምን በገበያተኛው ፊት አዋርዳ ሦስተኛውን እስር ይዛ ሄደች።

ሐሙስ በጠዋት ውብአንቺን ጓዳ አስገብታ ከጋኖቹ ኋላ ሸሸገቻት። «ድምፅ እንዳታሰሚ!» አለቻት። እኩለ ቀን ሲሆን ስንዱ በሩ ላይ ቆመች፤ ከነጋዋኗ።

«እትዬ፣ ውብአንቺን አላየኋትም።»

«አክስቷ ዘንድ ሄዳለች።»

«አክስት የላትም እኮ።»

«አሁን አገኘች።»

ስንዱ ደክሟታል፤ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። «ዘር ያደርቃል የሚለውን ወሬ ሰምቻለሁ። ማን ነገረዎት?»

«የታመነ ሰው።»

«ስሙስ?»

«የታመነ ሰው ስም ምን ያደርግለታል?»

«እትዬ፣ የእኔን ስም ያውቁታል። እናቴን ያውቋታል፤ ቤቴ የት እንደሆነ ያውቃሉ። ነገ ብዋሽ መጥተው በሬን ይመታሉ። እኔን ጠርጥረው፣ ስም የሌለውን ሰው አመኑ?»

ነገሩ የደብሪቱን ሆድ ነካ። ከጓዳው ደግሞ አንዲት ትንሽ ማስነጠስ ተሰማች። ስንዱም ሰማች። ደብሪቱ ወደ ጓዳው ዞር ልትል ነበር። ነገር ግን ዓይኗ ጋዋኑ ላይ አረፈ፤ ያ አፈር ሸተታት።

«ጋዋን የለበሰ ሰው ከዚህ በፊትም ስሙን ነግሮኝ ነበር» ብላ በሩን ዘጋችው።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ውብአንቺ እንደ ምድጃ ጋለች። ሳለች፤ ዓይኗ ቀላ፤ ከጆሮዋ ኋላ የጀመረ ሽፍታ ፊቷንና ደረቷን ወረሰው። የደብሪቱ የመጀመሪያ ሐሳብ ምን ነበር? «ስንዱ ደፌ ላይ የተቀመጠች ዕለት አንድ ነገር ጥላ ሄዳለች።» ደፉን በውሃ አጠበችው፤ አፈሩን ጠረገችው፤ ከአፈር በቀር ያገኘችው የለም። ኩፍኝ ብርሃን አይወድም፣ መርፌም አይወድም ሲባል ሰምታ ስላደገች መስኮቱን በጆንያ ጋርዳ ልጅቱን አስተኛቻት። ጠላ ቤቱም ተዘጋ።

በአምስተኛው ቀን ጨለማው ራሷን ደብሪቱን ጨነቃት። ጆንያውን አነሳች፤ በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተች። ቀትር ነበር። ፀሐይዋ መደቡ ድረስ ገባች።

«እማ» አለች ውብአንቺ፣ በተኛችበት። «መቼ ነው የሚነጋው?»

ደብሪቱ ምን ብላ እንደጮኸች አታውቀውም፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ጋሽ እንግዳው ከሸማ መሥሪያቸው ጉድጓድ ወጥተው መጡ፤ ቆርጠው እንኳ ያልጨረሱትን አዲስ ሸማ በልጅቱ ላይ ጠቀለሉባት። ተድላ ጋሪውን አቀረበ። ስንዱም እየሮጠች ደረሰች፤ ጋሪው ላይ ወጣች፤ የልጅቱን ራስ ጭኗ ላይ አሳረፈች። መንገዱን ሙሉ አንድም የወቀሳ ቃል ከአፏ አልወጣም። ደብሪቱን ያቃጠላትም እሱ ነው። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

አሥራ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኙ። ውብአንቺ ተረፈች። ቀኝ ዓይኗ ዳነላት፤ የግራውን ግን እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ነጭ ነገር ጋርዶት ቀረ። ሐኪሙ፣ «ይህ አይመለስም» አለ።

ደብሪቱ ተመልሳ ጠላ ከመጥመቋ በፊት አንድ ነገር ማለች፤ ያቺን ሣጥን ከፍቼ አየሁ ያለች ሴት ሳላገኝ እንቅልፍ አይወስደኝም አለች። በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ገበያ ወርዳ የዝማምን ነጠላ ጨምድዳ ያዘች።

«ማን ነው የነገረሽ?»

«የተድላ ሚስት ናት እትዬ! እኔ ምን አውቃለሁ!»

የተድላ ሚስት ዘንድ ሄደች። «ተድላ ነው ከመንገድ ይዞት የመጣው» አለች ሴትዮዋ፣ አቀርቅራ።

ቅዳሜ ጠላው ደረሰ። ጠላ ቤቱ ሞላ። ተድላ ገብቶ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ደብሪቱ ማጥለያውን ጋኑ አፍ ላይ ወጥራ ነበር፤ ጨርቁን እንደያዘች ዞረችበት።

«አንተ ተድላ! ያቺ ሣጥኑን ከፍታ ያየችው ሴት ማን ናት? ስሟን አምጣ! የልጄን ዓይን ያጠፋችውን ሴት ዛሬ አያታለሁ!»

ተድላ ጣሳውን ያሽከረክራል። «ይተዉት እትዬ።»

«ተናገር እልሃለሁ!»

«እርስዎ ነዎት።»

«ምን?»

«እዚሁ ቆመው፣ ዘር የሚያደርቅ ቢሆንስ አላሉም? እኔ ማታ ለሚስቴ፣ ደብሪቱም ጠርጥራዋለች ብዬ ነገርኋት። እሷ ደግሞ፣ ጌሾ ሳታኝክ የማትገዛ ሴት ካለችማ መርምራ ነው አለች። ሣጥን ከፈተች የሚለውን ማን እንደጨመረው አላውቅም። መንገድ ላይ ነው የተጨመረው። እኔም መልሶ ሲደርሰኝ አመንኩት እኮ እትዬ! የእኔም ልጆች አልተወጉም።»

«እኔ ጠየቅሁ እንጂ…» ብላ ጀመረች ደብሪቱ፤ አልጨረሰችውም። ውብአንቺ ከጓዳ ስትወጣ በግራዋ በኩል ያለውን ጋን ሳታየው ቀርታ በትከሻዋ ገጨችው፤ እጇን ዘርግታ ጋኑን ዳበሰችና ዞራው አለፈች። የሚያየው ሁሉ አየ።

ደብሪቱ እንደቆመች ቀረች። በእጇ የያዘችው ጨርቅ ያንጠባጥባል፤ መሐሉ ላይ አተላው ተሰብስቧል። ጋሽ እንግዳው በምርኩዛቸው ተነሥተው መጡ፤ እሳቸው የሸመኑትን ያን ጠባብ ማጥለያ በሁለት ጣታቸው ዳሰሱት፤ ልጅቱን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ፤ ድምፃቸውን ሳያነሱም፣ «ወይ ደብሪቱ ልጄ፣ ጠላውን አጥልሎ ወሬውን ከነአተላው!» አሉ።