የገብርኤል መገበሪያና የጓንጉል እንክርዳድ

በአንድ ወቅት፣ እኔ ጥርሴ ሠላሳ ሁለት ሞልቶ ሠላሳ ሦስተኛው ሊጨመርልኝ ምንም ባልቀረው ጊዜ፣ አያ ተሰማ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ከወንዙ በላይ፣ አንዲት ማሳ ነበረቻቸው። ጠባብ ናት። በሬ ጠምደህ ስትዞርባት የበሬው ጭራ ጎረቤት ማሳ ውስጥ ይቀራል። ስንዴዋ ግን! ፍሬው የጥጃ ጥርስ ያህላል። እሺ፣ እንዲህ አትዩኝ፤ የአይጥ ጥርስ ያህላል። ለስንዴ እሱም ትልቅ ነው።

አያ ተሰማ ስለት ነበረባቸው። በየዓመቱ ለታኅሣሥ ገብርኤል መገበሪያውን፣ ማለት ለቁርባኑ ኅብስት የሚሆነውን ስንዴ፣ ከዚያች ማሳ የሚያስገቡት እሳቸው ናቸው። ይበጠራል፣ ይለቀማል፣ አንዲት ጠጠር ሳትኖርበት ቤተ ክርስቲያን ይገባል።

ያን ዓመት አያ ተሰማ በክረምቱ ታመው አልጋ ያዙ። ስንዴው ተዘርቶ ብቅ ማለት ሲጀምር ሦስቱን ልጆቻቸውን ጠሩ። ትልቁ አጥናፉ ነው። መካከለኛዋ የሺ ናት። ትንሹ ዘርጋው ነው።

«ልጆቼ፣ ከዘንድሮ ታኅሣሥ የማልፍ አይመስለኝም» አሉ። «ከገዛ ማሳዬ ስንዴ ቆርቤ ልሙት፤ ሌላ አልፈልግም። ማሳዋን ሦስት ቦታ ለዩና እያንዳንዳችሁ የድርሻችሁን ጠብቁ። ከቆረብኩ በኋላ ለማን እንደምትሆን እነግራችኋለሁ።»

«ለምን ለሦስት አንካፈላትም አባባ?» አለ አጥናፉ።

«ለሦስት ተቆርጣ በሬ ይዞርባታል? ድመት ጠምደህ ልታርስ ነው?»

«እንግዲያው አሁኑኑ ይንገሩና» አለች የሺ።

«አሁን ብነግራችሁ ሁለታችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ትቀመጣላችሁ። አላውቃችሁምና ነው?»

የማሳዋ ጎረቤት ጓንጉል ይባላል። በዕድሜው እንኳ አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ሥራው አላስችል ብሎኝ ነው። ይሄ ጓንጉል የድንበር ድንጋይ እየገፋ መኖር ልማዱ ነው። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ አያ ተሰማ ማሳ ያስጠጋዋል። ከመዞሩ ብዛት ድንጋዩ እግር አብቅሏል ይባል ነበር።

እና በነሐሴ፣ ጉሙ ሰማይና ምድሩን አንድ ያደረገበት አንድ ማለዳ፣ ጓንጉል እንክርዳድ በአቁማዳ ይዞ መጣ። እንክርዳድ ታውቃላችሁ፤ ሲበቅል ቁርጥ ስንዴ ነው፣ ሲበሉት ራስ ያዞራል። እየበተነ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ሊያቆም አስቧል። ታዲያ ድንጋዩን ስንቴ አንቀሳቅሶታል! የት እንዳስቀመጠው እሱም ጠፍቶታል። በጉሙ ውስጥ አልፎት የገዛ ማሳው ውስጥ ሃያ እርምጃ ገብቶ ሲበትን ዋለ።

በጥቅምት እሸቱ ሲታይ ነገሩ ወጣ። እንክርዳዱ ከአያ ተሰማ ማሳ ተነሥቶ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ እንደ ሠርገኛ ተሰልፎ ጓንጉል ቤት ይገባል። ማን ዘራው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

አጥናፉ ጊዜ አላጠፋም። «ክፉን እያዩ ማሳደግ ከክፉው ጋር መተባበር ነው» አለና በድርሻው ገብቶ መንቀል ጀመረ። የእንክርዳዱ ሥር ከስንዴው ሥር ተጠላልፏል፤ አንዱን ሲስብ ሌላው ይከተላል። ሰው «ተው አጥናፉ፣ ስንዴውን ጨረስከው» ቢለው፣ «ጥቂት ይሁን፤ ንጹሕ ይሁን» እያለ ቀጠለ። ሲጨርስ ማሳው በደነዘዘ ምላጭ የተላጨ ራስ መሰለ። ያገኘው ስንዴ አንዲት እንስራ እንኳ በወጉ አልሞላም፤ ግን አንዲት እንክርዳድ የለበትም። እንስራዋን ከድኖ፣ አፏን በጭቃ መርጎ፣ አልጋው ሥር ከተታት። ሚስቱ ከፍቼ ልያት ብላ በማርያም ብትለምነው፣ «ማርያም ራሷ መጥታ ትጠይቀኝ» አለ። እግዜር ይቅር ይበለው።

የሺ አልነቀለችም። አጥናፉ መጥቶ የድርሻዋ ዳር ላይ ቆመ።

«አንቺ፣ ምን እየጠበቅሽ ነው?»

«መከርን። ጌታ ራሱ ‹ተዉአቸው፣ እስከ መከር አብረው ይደጉ› ብሎ የለ ወንድም ጋሼ?»

«ጌታ የሚለቅሙለት መላእክት አሉት። አንቺ ማን አለሽ?»

«ዓይን አለኝ።»

ታገሠች። ታጨደ፣ ተወቃ፣ ከዚያ ሰፌዷን ይዛ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ቀን! ፍሬ በፍሬ ለየች። ዓይኗ ከመድከሙ የተነሣ ባሏ ብቅ ሲል ጠቆር ቀጠን ያለ ነገር አይታ እንክርዳድ መስሏት ልትለቅመው እጇን ሰደደች ይባላል። ግን ሦስት ቁና ጥርት ያለ ስንዴ አወጣች። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እንክርዳዱ ቆሞ ሲበስል ዘሩ ማሳዋ ላይ ረግፏል። መሬት የዋጠችውን ደግሞ በሰፌድ አያወጡትም።

ዘርጋው ደግሞ የድርሻውን ማሳ ጥሎ ጓንጉል ማሳ ውስጥ ገባና ማረም ጀመረ። ጓንጉል በትሩን ይዞ መጣ።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«እንክርዳድ እያረምኩ ነዋ፣ አያ ጓንጉል።»

«በኔ ማሳ?»

«ያንቱ ነው እንዴ? ድንጋዩን አላየሁትም፤ ዛሬ ወዴት ሄዷል?»

ጓንጉል በትሩን አነሣ። ዘርጋው ቀና አላለም። ቢመታውስ? እንጃ፤ ክንዱ ደከመ መሰለኝ አወረደው። በማግስቱ ዘርጋው ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ቀንም መጣ። በአራተኛው ቀን ጓንጉል አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ አብሮ ማረም ጀመረ። በሳምንቱ አንደበቱ ተፈታ።

«ያኔ አንተ አልተወለድክም» አለ። «እኔም ለገብርኤል መገበሪያ ወስጄ ነበር። ቄሱ እጃቸውን ሰደዱና አንዲት እንክርዳድ አገኙ። አንዲት! በሕዝብ ፊት መለሱኝ። ከዚያ ወዲህ ያባትህ ስንዴ ወደዚያ ደጅ ሲገባ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል።»

«ታዲያ የአንዲቷን ብድር በአቁማዳ ይመልሱታል?» አለ ዘርጋው። ሁለቱም ሳቁ።

የዘርጋው የራሱ ማሳ ግን ጠፋ። እንክርዳዱ ዋጠው። ለዶሮ ቢበትኑት ዶሮዎቹ ተንገዳገዱ፤ አውራ ዶሮው በቀትር ጮኾ ሰፈሩን ሁሉ ለምሳ እንዳይቀመጥ አደረገ። አጥናፉ «የራሱን ጥሎ የጠላቱን የሚያርም!» እያለ ወንድሙን በየመንገዱ አዋረደው። ዘርጋው ያስገባው ስንዴ አንዲት እፍኝ የለም።

ገብርኤል ሦስት ቀን ሲቀረው መገበሪያው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጣ ሆነ። የሺ ሦስቱን ቁና በቅርጫት ሞልታ አወጣች። ይበቃል ተብሎ የአጥናፉ እንስራ ሳትከፈት ቀረች፤ አጥናፉም አኮረፈ። በዚህ መሐል ዘርጋው ጓንጉልን ጠርቶ ይዞ መጣ።

«አያ ጓንጉል ይሸከሙት» አለ። «ያኔ የተመለሱበት ደጅ ነው። አሁን ይግቡበት።»

አጥናፉ ሊፈነዳ ነው፤ አባትየው ግን አልጋቸው ላይ ሆነው «ይሸከም» አሉ።

ጓንጉል ቅርጫቱን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። ብርድ ነው፣ እሱን ግን ያልበዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠ።

«ምነው?» አለች የሺ።

«አልገባም። ይሄ እንክርዳድ አለበት።»

«ምን? እኔ ራሴ ለቅሜዋለሁ!»

«አንቺማ ለቅመሻል። ሐሙስ ዕለት ውኃ ልትቀጂ ስትወርጂ ገብቼ ሁለት እፍኝ ጨመርኩበት። አገላብጬም ቀላቀልኩት።»

«ሐሙስ?» አለ ዘርጋው። «ሐሙስ ዕለት አብረን ምሳ በልተናል'ኮ!»

«ከምሳ በኋላ ነው» አለ ጓንጉል፣ አንገቱን ደፍቶ።

እስቲ አስቡት! ያ ስንዴ ለኅብስቱ ቢሆን፣ ዲያቆኑ «ለጸሎት ተነሡ» ሲል ሕዝቡ ሁሉ ተነሥቶ ባጠገቡ ያለውን እየያዘ ሲወዛወዝ፣ ቄሱ ራሳቸው ቅጽሩን ስድስት ጊዜ ዞረው ደጁን ሲያጡት! ሳቁ፣ ግዴለም። የዚያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። አባታቸው አልጋ ላይ ሆነው ቀን እየቆጠሩ ነው።

አጥናፉ በትር አነሣ። «አላልኩም? ክፉ ይነቀላል እንጂ ይታቀፋል?»

የሺ መሐል ገባች። «ስትደበድበው ነው ስንዴው የሚጠራው? ሰፌድ አምጡልኝ!»

እዚያው ደጁ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ጓንጉልም አጠገቧ ተቀመጠና አብሮ ለቀመ፤ እንክርዳድን ከሱ የበለጠ ማን ያውቃል! ቀኑ አጥሮ ግን አንድ ቁና ብቻ ጠራ። ለበዓሉ ሕዝብ አይበቃም። ያን ጊዜ አጥናፉ ወደ ቤቱ ወረደ፤ እንስራዋን ተሸክሞ መጣና የመረገውን ጭቃ ሰበረ። የሁለቱ ሲደባለቅ በቃ።

የገብርኤል ዕለት አያ ተሰማን በቃሬዛ አወጧቸው። ቆረቡ። ከገዛ ማሳቸው ስንዴ ቆረቡ። ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ሆነ።

እቤት ተመለሱና ሦስቱ ልጆች አልጋውን ከበቡ። አሁን ሊነግሯቸው ነው። የቆረበ ሰው ግን ያን ቀን አፉን ይሸፍናል፤ አይተፋም፣ ወሬ አያወራም። አያ ተሰማ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ተኙ። «ነገ ይነግሩናል» ተባባሉ። ጀንበር ስትጠልቅ፣ ነጠላው ከአፋቸው ሳይነሣ፣ አረፉ።

ያን የሚያህል አዋቂ ሰው ከቁርባን በኋላ አፍ እንደሚዘጋ ረስቶት ነው ትላላችሁ? እኔ እንጃ። አንዳንድ አባት ተንኮለኛ ነው።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ሦስቱ ልጆች ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሽማግሌ ፊት ቀረቡ።

አጥናፉ እንዲህ አለ፦ «ጨካኝ አላችሁኝ። በመጨረሻ ያለ ጥርጥር የቀረበው ስንዴ የኔ ነው። ማሳዬን ሂዱና እዩት፤ ለከርሞ አንድ እንክርዳድ አይበቅልበትም። ስንዴ ከጠፋ ዓመት ጠብቆ ይዘራል፤ ክፋት ከሰደደ ማን ይመልሰዋል?»

የሺ እንዲህ አለች፦ «እኔ አንድ ስንዴ አልገደልኩም። የለቀምኩትን አበላሹብኝ፣ እንደገና ተቀምጬ ለቀምኩ። ነገም ቢያበላሹት እለቅማለሁ። ከዚህ ሌላ የገበሬ ሥራ ካለ ንገሩኝ።»

ዘርጋው እንዲህ አለ፦ «እኔ ስንዴ የለኝም፤ አልዋሽም። ግን ጓንጉል ደጁ ላይ ባይናገር ኖሮ አባቴ እንክርዳድ ይቆርብ ነበር። ያናገረው የወንድሜ በትር ነው? የእህቴ ሰፌድ ነው?»

«ያስጨመረውስ ያንተ ምሳ አይደለም?» አለ አጥናፉ።

«ምሳውን ከሰስከው እንግዲህ!» አለ ዘርጋው።

ሽማግሌዎቹ ተከፋፈሉ፤ ነገሩም በቀጠሮ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ አንደኛው ሽማግሌ ጓንጉልን አስጠሩ።

«አንተ፣ ከሦስቱ ማን ጎረቤት ቢሆንህ ይሻልሃል?»

ጓንጉል ብዙ አሰበ። «አጥናፉ ቢሆን እፈራለሁ» አለ። «የሺ ብትሆን አፍራለሁ። ዘርጋው ቢሆን… ዘርጋው ቢሆን እሞክራለሁ። ግን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አልዋሽም፤ ጉም ሲመጣ አሁንም እጄን ይበላኛል።»

ሰኔ እየደረሰ ነው፤ መሬት ገበሬዋን ትፈልጋለች። ማሳዋን የሚወስድ ሰው የረገፈውን እንክርዳድም ጓንጉልንም አብሮ ነው የሚወስደው። እንክርዳዱን ከመሬቷ፣ ጓንጉልን ከጉርብትናዋ ለይቶ መረከብ የለም።

በሉ እንግዲህ፣ እኔ አልፈርድም፤ እናንተ ፍረዱ። ማሳዋ የምትገባው ለማን ነው?