አያ ገመሬና አቤት ባይዋ ቁልፍ

ጆሮ ያላችሁ ወዲህ ቅረቡ፣ ተረት ላውጋችሁ። እናንተ «እህ» በሉኝ፣ እኔ ልቀጥል።

ዱሮ ነው። ዱሮ ስላችሁ ግን መኪና ገደል አፋፍ ድረስ መምጣት ከጀመረ በኋላ ባለው ዱሮ። አያ ገመሬ የሚባል አንድ ትልቅ ዝንጀሮ ነበር፤ የመንጋው ጠባቂ ነው። ገደሉ አናት ላይ ካለች ድንጋይ ይቀመጣል፤ ነብር ሲመጣ «ዋሁ!» ብሎ ይጮኻል፤ መንጋው ይሸሻል። ጩኸቱ አለት ይሰነጥቃል ይባል ነበር። ይህን የሚለው ራሱ አያ ገመሬ ነው።

ነብር ደግሞ በየቀኑ አይመጣም። ነብር በማይመጣበት ቀን አያ ገመሬን የሚሰማው የለም። ግልገሎቹን «ተነሡ!» ሲላቸው ይተኛሉ። ጎረምሶቹን «ውረዱ!» ሲላቸው ይወጣሉ። ሚስቱን እመት ጉንጪትን «ቅማሌን ልቀሚልኝ» ሲላት «ቆይ፣ እየበላሁ ነው» ትለዋለች።

አንድ ቀን አንድ መንገደኛ ከመኪናው ወርዶ አፋፉ ላይ ፎቶ ሊነሣ ሲንጠራራ፣ ከኪሱ አንዲት ዕቃ ወደቀች። ከተሜዎች ቬፕ የሚሏት፣ በባትሪ የምትሠራ ማጨሻ ነበረች። ጎኗ ላይ አንዲት ክብ ቁልፍ አለች። አያ ገመሬ አነሣት፤ አገላበጣት፤ አሸተታት። አውራ ጣቱን ቁልፏ ላይ ሲያሳርፍ ትንሽ ተገዳደረችው፤ ከዚያ እሺ ብላ ሰመጠችና፦

«ጠቅ! አቤት ጌታዬ!» አለች።

አያ ገመሬ ዞር ብሎ ኋላውን አየ። ማንም የለም። እንደገና ተጫናት።

«ጠቅ! አቤት ጌታዬ!»

«እኔን ነው?»

«ጠቅ! ከእርስዎ ሌላ ምን ጌታ አለኝ?»

አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ዕድሜውን ሙሉ ጠርቶ፣ ወዲያው አቤት ያለው አልነበረም።

«አፍዎን ጠጋ ቢያደርጉ ደግሞ» አለች ቁልፍ፣ «ጭስ የሚባል ወንድም አለኝ። እጅ ሊነሣዎት ይፈልጋል።»

አያ ገመሬ አፉን ጠጋ አደረገ። ጠቅ! ጭስ እንጆሪ እንጆሪ እየሸተተ፣ እጅ እየነሣ፣ ሰተት ብሎ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠቅ፣ ቀትር ጠቅ፣ ማታ ጠቅ ሆነ።

እመት ጉንጪት አየችና፣ «አያ ገመሬ፣ ማጨስ ጀመርክ እንዴ?» አለችው።

«እኔ? ጭሱን ማን ፈለገው! እኔ የምወደው ጠቅታዋን ነው። ጣቴ ሥር ስትገዳደር፣ ስትሸነፍ፣ ተመልሳ ብድግ ስትል ብታዪ!»

«ጠቅታዋን ብቻ ከሆነ አፍህ ላይ ምን አስደገፋት?»

«ድምፅዋን ቀረብ ብዬ እንድሰማ ነዋ!»

«አሃ፣ በአፍህ ነው የምትሰማው?»

አያ ገመሬ ተቆጣና ቁልፏን ጠየቃት። «ትክክል አይደለሁም?»

«ጠቅ! ልክ ነዎት ጌታዬ!»

ሰነባበተና ደረቱ ይንኮሻኮሽ ጀመር። ጉሮሮው ሻከረ። ጭስን ጠራና፣ «እዚህ ደረቴ ውስጥ ምን ታደርጋለህ?» አለው።

«እኔማ እንግዳ ነኝ» አለ ጭስ። «እህቴ ስትጠራኝ እገባለሁ። ውጣ ብሎ የጠራኝ ግን የለም።»

«ቁልፊት፣ እስቲ አስወጪልኝ!» አለና ተጫናት።

«ጠቅ! እሺ ጌታዬ!» አለች። ሌላ ጭስ ገባ።

አንድ ከሰዓት በኋላ መንጋው ሜዳው ላይ ሥር ሲቆፍር፣ ነብር በሣሩ ውስጥ እየተሳበ መጣ። አያ ገመሬ ከሁሉም በፊት አየው። ተነሣ፤ ደረቱን ነፋ፤ አፉን ከፈተ።

«ህ…» አለ። የእንጆሪ ሽታ ብቻ ወጣ።

ዳግመኛ ሞከረ። ሳል ብቻ ወጣ።

ጭንቅ ያዘው። ግልገሎቹ ሜዳው መሃል ናቸው። እጁ ሁልጊዜ አቤት ወደምትለዋ ቁልፍ ሄደ።

«ጠቅ! አቤት ጌታዬ!»

«ጩኺ! ነብር መጣ በዪ!» አለ በሹክሹክታ።

«ጠቅ! እሺ ጌታዬ! ጠቅ! እሺ ጌታዬ!»

ከጠቅ ሌላ ቋንቋ የላት፣ ምን ታድርግ? መንጋው አልሰማም። ነብሩ ግን ሰማ። ጆሮውን ቀሰረና ወደ ድንጋዩ ዞረ።

ይኼኔ እመት ጉንጪት ቀና ስትል ነብሩን አየችው። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ አለት አይሰነጥቅም። ግን «ዋሁ! ዋሁ!» አለች። መንጋው ግልገሎቹን እያንጠለጠለ ወደ ገደሉ ተንዶ ወረደ፤ አንድም አልጎደለ። አያ ገመሬ ብቻ ዘገየ፤ በአንድ እጁ ቁልፏን ይዞ በሌላው አለት ሊቧጥጥ ሲል፣ ነብሩ የጅራቱን እኩሌታ ወሰደበት።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና ጥበቃውን ለእመት ጉንጪት ሰጡ። አያ ገመሬ ከድንጋዩ ሥር ተቀምጦ ቁስሉን ይልሳል።

«ለምን አላስጠነቀቅሽኝም?» አላት ቁልፏን።

«ጠቅ! መቼ ጠየቁኝ? ጠሩኝ፣ አቤት አልኩ።»

እመት ጉንጪት ከላይ ሆና፣ «ኧረ ወርውራት፣ አያ ገመሬ! በሞቴ!» አለችው።

አያ ገመሬ እውነትም ቆረጠ። ተነሣ፤ እጁን ወደ ገደሉ ዘረጋ። ነገር ግን ልቡ አልችል አለና ዝቅ ብሎ ጠየቃት።

«ልወርውርሽ?»

«ጠቅ! እሺ ጌታዬ!»

«አያችሁ!» አለ አያ ገመሬ ወደ መንጋው ዞሮ፣ «እንዲህ እሺ የምትል ነገር እንዴት ትወረወራለች?» ብሎ እጁን መለሰ።

ተረቴ ይኸው፤ የገባው ይያዘው፣ ያልገባው ለጎረቤቱ ያውሰው። አቤት ባይ ሁሉ ሎሌ አይደለም፤ «ጌታዬ» እያለ የሚገዛም አለ።